«ፎርማት አድርገው» ከማለታችን በፊት

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ሳላይ ጉዳዩን መገመት እችላለሁ። «ልጄ እንደምን አደርክ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ሥራስ እንዴት ነው?» ይባላል። ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል፦ «አንተ ኮምፒውተር አይደል የተማርከው? የኛው አልነሳ ብሎን ነበር…»

እውነቱን ለመናገር እኔ የተማርኩት ሶፍትዌር ነው። ከአገር ወጥቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁትም በዚሁ ነው፣ አሁን የምተዳደረውም ፕሮግራም በመጻፍ ነው። ፕሮግራም መጻፍና የማይነሳ ኮምፒውተር ማስነሳት፣ ልብስ መስፋትና የስፌት መኪና መጠገን የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። ግን ይህን ለእናቴ እኩያ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? «እሺ፣ ከሰዓት ብቅ እላለሁ» እላለሁ። ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ በዚህ ምክንያት ስንት ቤት ቡና እንደጠጣሁ ቁጥሩን አላውቀውም።

ከነዚያ ቤቶች ያየሁትን መጀመሪያ በአጭሩ ልናገር። «አልነሳ አለ» ከተባሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አልሞቱም ነበር። በውስጣቸው የነበረው ፎቶና ሰነድም ሲጠፋ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ ሳይሆን እኛ ልንጠግነው ስለቸኮልን ነው። ለዚህ ነው «ፎርማት አድርገው» የምትባለውን ነገር የምፈራት።

የምፈራት ደግሞ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ራሴ አድርጌው ነው።

የአያቴ ፎቶዎች

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት አዲስ አበባ ስመለስ አጎቴ አስጠራኝ። ቤቱ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መብራት ድንገት ከሄደበት ቀን ጀምሮ አልነሳ ብሏል። ሲበራ የዊንዶውስ ምልክት ይታያል፣ ወዲያው ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲሁ ሲዞር ይውላል።

እኔ ያኔ የቤተሰቡ ኩራት ነኝ፤ «ኮምፒውተር የሚማረው ልጅ»። ሲዲዬን ይዤ ሄድኩ፣ ከተትኩት፣ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀኝን ሁሉ ሳላነብ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አለፍኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ተነሳ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ምሳ ቀረበ። እኔም አጎቴን ላስደስት ብዬ ከፍላሼ ላይ ፊልምና ሙዚቃ ገለበጥኩለት።

ከምሳ በኋላ አጎቴ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቁጭ አለና «ፎቶዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

የአያቴ ፎቶዎች ነበሩ። ከማረፏ በፊት በነበረው ፋሲካ ከገጠር መጥታ ቤተሰቡ በሙሉ ሲሰበሰብ የተነሡ። በተዋስነው ካሜራ ተነሥተው፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጠው፣ ካሜራው ለባለቤቱ ተመልሷል። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

አጎቴ አልተቆጣም። «ይሁን እንግዲህ፤ ዋናው መነሳቱ ነው» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም። ኋላ ስማር የኮምፒውተሩ ችግር መብራቱ ሲሄድ ከተበላሹ ጥቂት የዊንዶውስ ፋይሎች ያለፈ እንዳልነበረ ጠረጠርኩ። ይህ ደግሞ አንድም ፎቶ ሳይነካ ሊጠገን የሚችል ነገር ነው። ከዚያም የባሰው፣ በዚያ ዘመን ሃርድ ዲስክ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ወዲያው አጥፍቶ ለሚያውቅ ሰው የሰጠ፣ ከነበረው የተወሰነውን ሊያወጣ ይችል ነበር። እኔ ግን በላዩ ላይ ፊልም ደርቤበት ነበር።

መብራት ሲጠፋ የምናደርገው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በመስኮት ወደ ጎረቤት ያያል። የጎረቤትም ከጠፋ ነገሩ የሰፈሩ ነው፣ ሻማ ፈልጎ ይቀመጣል። የጎረቤት በርቶ የኛ ብቻ ከጠፋ ወደ ቆጣሪው ይሄዳል። ቆጣሪው ደህና ከሆነ ደግሞ «ሳሎን ብቻ ነው ወይስ ኩሽናም ጠፍቷል?» ይላል። ሳሎን ብቻ ከሆነ አምፖሉን ይቀይራል። መብራት ጠፋ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ የለም።

የማይነሳ ኮምፒውተር ችግር መፈለግም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። «ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይረዳም። «የት ላይ ቆመ?» የሚለው ነው የሚረዳው። ኮምፒውተር ሲነሳ አራት በር ያልፋል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ቀጥሎ ራሱን ይፈትሻል፣ ከዚያ ዲስኩን ያገኛል፣ በመጨረሻ ከዲስኩ ላይ ዊንዶውስን ያስነሳል። የቆመበትን በር ካወቅን ሌሎቹን ትተን አንዱን ብቻ እንመረምራለን። ፎርማት የሚመለከተው የመጨረሻውን በር ብቻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት በሮች በአንዱ ላይ ስለቆመ ኮምፒውተር ፎርማት ማውራት፣ ቆጣሪው የወረደበት ቤት ውስጥ አምፖል መቀየር ነው።

እስቲ በሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው በር፦ ኤሌክትሪክ

ቁልፉን ስትጫኑት ምንም ነገር ከሌለ፣ ማለትም መብራትም ድምፅም ማራገቢያም ከሌለ፣ የቆመው እዚህ ነው። ከሶኬቱ ጀምሩ። የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል? ዲቫይደር ከሆነ ኮምፒውተሩን ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ ግድግዳው ላይ ሞክሩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው ገመዱ የሚሰካበት ቦታ አጠገብ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለች። ቤት ሲጠረግ ተነክታ የጠፋች ስንት ጊዜ አጋጥማኛለች! አንድ ጊዜ ቨርጂኒያ ድረስ 40 ደቂቃ ነድቼ ሄጄ እሷን ተጭኜ ተመልሻለሁ። ቡናው ግን ጥሩ ነበር።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ይህ አስማት አይደለም። ውስጥ የቀረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ማሽኑን ግራ ያጋባውና ነቅቶም ተኝቶም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ያፈስሰዋል። ካልሆነ ቮልቱ አንድ የሆነ ሌላ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ፤ ከሞተ ላፕቶፕ የሞተ ቻርጀር በዋጋም ይሻላል።

እዚህ ላይ ወደ አገር ቤት ኮምፒውተር ለምንልክ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። እዚህ አሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ነው። የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። በቆዩ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለ። የማውቀው ሰው ለእህቱ ልጆች የላከው ዴስክቶፕ 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ተሰካና «ጧ» ብሎ ቀረ። ቤተሰቡ «አሜሪካ ድረስ ተለፍቶበት!» ብሎ አዘነ። የተቃጠለው ግን ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነበር። እሱ ተቀይሮ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው በር፦ መብራት አለ፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው

ባለፈው ዓመት እዚሁ አካባቢያችን ያሉ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት እናት ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። አንድ ጥገና ቤት ወስደውት «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ፤ አሮጌውን እዚሁ ይተዉልን፣ እኛ እናስወግድልዎታለን» ተብለዋል። ሊተዉት ትንሽ ነው የቀራቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ልባቸው እምቢ አላቸውና ተመልሰው ወሰዱት።

«ልጄ ስትመረቅ አባቷ የመረቃት ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ቁልፉን ተጫንኩት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የፊደል ማተለቂያዋን «ካፕስ ሎክ» ነካኋት። አጠገቧ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። እንደገና ስነካት ጠፋች። ይህች መብራት ስትታዘዝ ውስጡ በሕይወት አለ ማለት ነው። ከዚያ ከቴሌቪዥኔ ጀርባ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ።

የጎረቤት መስኮት ብርሃን አለው ማለት ነው። የተበላሸው ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ከማንኛውም ነገር በፊት ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥን፣ ቪዲዮውን ደግሞ ለብቻ ወደ ፍላሽ። እትዬ ቪዲዮውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያዩት እኔ ቡና ላፈላ ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

የካፕስ ሎክ መብራት ካልታዘዘች ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱን ሲፈትሽ ቆሟል ማለት ነው። ጆሯችሁን ስጡት። ብዙ ኮምፒውተሮች በዚህ ጊዜ «ጢጥ፣ ጢጥ» ይላሉ ወይም መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉት፤ እያንዳንዱ አምራች ለቁጥሩ የራሱ ትርጉም አለው፣ ከሞዴሉ ስም ጋር ብትፈልጉት ይገኛል። በልምዴ እዚህ በር ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራም ነው። በዴስክቶፕ ላይ ገመዱን ነቅሎ፣ እጅን ብረት አስነክቶ፣ ራሙን አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ እስኪቆልፍ ድረስ መልሶ መጫን ነው። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይወጣም፤ እዚያ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደግሞ የዴስክቶፕ ሞኒተርን አትርሱ። ሞኒተሩ በሌላ ገመድ መግቢያ ላይ ተቀይሮ «ምልክት የለም» ሲል «ኮምፒውተሩ ሞተ» ተብሎ የተጠራሁበት ቤት አንድ ሁለት አይደለም።

ሦስተኛው በር፦ ዲስኩ አልተገኘም

የአምራቹ ስም ታይቶ ከዚያ በጥቁር ስክሪን ላይ «የምነሳበት ዲስክ የለም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወጣ መጀመሪያ የተሰኩትን ፍላሾች በሙሉ ንቀሉ። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ላይ ልነሳ እያለ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ (እንደ አምራቹ ይለያያል) ደጋግማችሁ ተጭናችሁ ባዮስ ወደሚባለው ገጽ ግቡ። እዚያ የዲስኩ ስም ተዘርዝሮ ካያችሁት ትንፋሽ ውሰዱ፤ ዲስኩ አለ።

እግረ መንገዳችሁን ሰዓቱንና ቀኑንም እዩ። ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ካሳየ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሳንቲም የምትመስል፣ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ ናት፣ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። እሷ ስታልቅ ኮምፒውተሩ አሠራሩን ሁሉ ይረሳና ከየት እንደሚነሳ ግራ ይገባዋል። በዚህች ባትሪ ምክንያት የተጣሉ ደህና ኮምፒውተሮች እንዳሉ አልጠራጠርም።

የዲስኩ ስም ከሌለ፣ ወይም ከውስጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን አቁሙ። ደጋግማችሁ አታብሩት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንዲህ ሲል የሚያነብበት ክፍል እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ በበራ ቁጥር የሚተርፈው ይቀንሳል። ውስጡ ያለው ነገር የሚያሳዝናችሁ ከሆነ የጠፋ መረጃ በማውጣት ሥራ ላይ ወደተሰማራ ባለሙያ ነው የሚኬደው። ዋጋው ውድ ነው። ለዚያ ውሳኔ ግን ጊዜ አላችሁ፤ የጠፋ ዲስክ በራሱ አይብስበትም።

አራተኛው በር፦ ዊንዶውስ ራሱ

ምልክቱ ይታያል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ወይም መጨረሻ የሌለው መዞር። የአጎቴ ኮምፒውተር የቆመው እዚህ ነበር። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ጥቂት ጊዜ ተከታትሎ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጽ ራሱ ያመጣል። ካላመጣ ምልክቱ ሲታይ ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭኖ መያዝና ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያመጣዋል። እዚያ «ስታርታፕ ሪፔር» የሚለውን ሞክሩ፤ ፎቶ አይነካም። ካልሆነ በ«ሴፍ ሞድ» መነሳትና በቅርቡ የተጫነውን ነገር ማውጣት ይቻላል። «ሪሴት» የሚለው ላይ ስትደርሱ ግን እጃችሁ ይያዝ። ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንዱ ፋይላችሁን ያቆያል፣ ሌላው ሁሉንም ያጠፋል። ሳያነቡ «እሺ» ማለት ምን እንደሚያስከትል እኔ ምስክር ነኝ።

ሰማያዊ ስክሪን የሞት ምልክት እንዳልሆነ ዓለም በሙሉ ያየበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ አደረጋቸው። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። መፍትሔው ግን ምን ነበር? በሴፍ ሞድ ተነሥቶ አንዱን የተበላሸ ፋይል መሰረዝ። ያን ቀን በየድርጅቱ ያሉ ባለሙያዎች «ፎርማት አድርጉት» ብለው ቢቸኩሉ ኖሮ ስንት ነገር እንደሚጠፋ አስቡት። የት ላይ እንደቆመ ስላወቁ ያቺን አንዷን ብቻ አነሱ።

ዊንዶውስ በምንም መንገድ ባይነሳ እንኳ ፋይሉን ማውጣት ይቻላል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ሳይጭኑ ከፍላሹ ላይ ብቻ ማስነሳት ነው። የዊንዶውስን ዲስክ እንደ ተራ ፍላሽ ይከፍተዋል፣ ፎቶውን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ወይም ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማያያዣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ፎርማት አድርጉ፤ አልቃወምም።

አዲሱ ቁልፍ

አሁን ደግሞ የአጎቴ ዘመን ያልነበረ ሌላ በር መጥቷል። በቅርብ ዓመታት የተሸጡ ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስንገባባቸው ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ቢትሎከር ይባላል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው እንዳያነበው ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ባዮስ ሲነካካ አንድ ቀን ተነሥቶ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ያለዚያ ቁልፍ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካትም፣ ኡቡንቱም አይረዳም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ማኮች ላይማ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ቦታ ማንበብ ጭራሽ የለም።

ቁልፉ የት ነው? ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ተቀምጧል። አካውንቱስ? እዚህ ላይ ነው የኛ ቤት ችግር። የወላጆቻችንን አካውንት የከፈተው የእህት ልጅ ነው፣ ያውም ላፕቶፑ በተገዛ ቀን፣ እየቸኮለ፣ በዚያው በፈጠረው ኢሜይል። ልጁ ዛሬ ሌላ ስቴት ነው፣ ኢሜይሉን ረስቶታል፣ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ተቀይሯል። ዲስኩ ደህና ነው፣ ፎቶው አለ፣ ግን ማንም ሊከፍተው አይችልም። ይህን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ከተበላሸ ዲስክ ይልቅ ይሄኛው ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሲሠራ በ10 ደቂቃ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥገና ቤቶችን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ግን በነሱም ቦታ ሆናችሁ እዩት። ፎርማት የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፣ የሶፍትዌር ችግርን ከሞላ ጎደል ሁሉ ይፈታል፣ ደንበኛውም የሚከፍለው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነው። ፎቶ ፈልጎ ማውጣት ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋ ሲጠራበት ደንበኛው «ለፎቶ?» ይላል። እኛ «አስነሳልኝ» ስንል እሱ አስነሳው። የጠየቅነውን ነው ያገኘነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ጥያቄያችን ነው። «አስነሳልኝ» ሳይሆን «መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጣልኝ፣ ከዚያ አስነሳው» እንበል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ወላጆቻችን ቢይዟት ከማንኛውም የቴክኒክ ምክር ትበልጣለች። ወደ ጥገና የሚወስዱ ደግሞ «ከማጥፋታችሁ በፊት ደውሉልኝ» ብለው ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበት።

ሁለተኛ፣ «ኮምፒውተር የተማርን» የምንባለው እኛ ነን። ስንጠራ የምንቸኩለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አለማወቅ እናፍራለን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየን ቶሎ አስነሥተን መመስገን እንፈልጋለን። እኔ በአያቴ ፎቶዎች የከፈልኩት የዚያን ምስጋና ዋጋ ነው። «አላውቀውም፣ ልየውና ልመለስ» ማለት ነውር አይደለም። ወጣቶች ወንድሞችና እህቶች፣ አባታችሁ ላፕቶፕ ሲያመጡላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታስ አለ?» ይሁን።

ሦስተኛው ሐሳቤ ለማኅበሮቻችን ነው። እዚህ በየከተማው ዕድር አለን፣ የኮሙኒቲ ማኅበር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን። የዕድሩ መዝገብ ራሱ፣ ማን ስንት እንደከፈለና ለማን ምን እንደተደረገ፣ ብዙ ቦታ በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያለው። ያ ላፕቶፕ አንድ ቀን አይነሳም። መች እንደሆነ ባላውቅም አይነሳም። እኛ የቀን አቆጣጠራችን ጳጉሜን ሰጥቶናል፤ ከ12ቱ ወር የተረፈች 5 ወይም 6 ቀን። በየዓመቱ ከጳጉሜን ቀኖች አንዷን ለዚህ ብናውላትስ? አዳራሽ ተከፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አምስት ስድስት ወጣቶች ቁጭ ብለው የሰዉን ፎቶ ወደ ሁለተኛ ዲስክ ቢገለብጡ፣ የአካውንቱን ስምና ያንን 48 አሃዝ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር እንዲቀመጥ ቢሰጡ። ዲስኩ አንዱ ቤት፣ ሌላው ልጅ ዘንድ ይቀመጥ። የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ የልደት ኬክ ያህል ነው።

«ሁሉም ነገር እኮ አሁን ስልክ ላይ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አዲሱ ፎቶ ስልክ ላይ ነው። የቆየው ግን፣ አገር ቤት የቀሩትና ዛሬ በሕይወት የሌሉት ሰዎች ፎቶ፣ ከካሴት የተገለበጠው ሰርግ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ስንጽፍ ያዘጋጀነው ሰነድ ያለው በዚያ ጥግ ላይ በተቀመጠውና «አልነሳ አለ» ባልነው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስደት ብዙ ነገር ትተን እንድንመጣ አድርጎናል። ይዘን የመጣነውን ደግሞ በራሳችን እጅ አናጥፋ።

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ወይም አልጋ ሥር የወረወራችሁት ኮምፒውተር ካለ ገና አትጣሉት። አውጡት፣ ሶኬቱን እዩ፣ ካፕስ ሎኩን ንኩት፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት። የት ላይ እንደቆመ ጻፉ። ከዚያ «ኮምፒውተር የተማረ» ለምትሉት ልጅ ደውሉለት፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ይነሳል።

ቸር ይግጠመን።